ለመጀመሪያው የኤምኤምኤ ፍልሚያ መዘጋጀት፦ ከዜሮ የሚጀምር ዝርዝር መመሪያ

ኤምኤምኤ ቡጢን፣ እርግጫን፣ ትግልንና የመሬት ሥራን የሚያቀላቅል የፍልሚያ ስፖርት ነው። ቦክስን፣ ትግልንና ጁጂትሱን (መሬት ላይ በማነቅና መገጣጠሚያ በመጠምዘዝ የሚያሸንፈውን ስልት) በየተራ የተማረ ሰው በዚያ ብቻ የኤምኤምኤ ተፋላሚ አይሆንም። ጀማሪ የሚሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ስልት ወደ ሌላው በሚያልፍበት ቅጽበት ነው፤ ቡጢ ሰንዝሮ እጁን ሳይመልስ እግሩ ይያዛል፣ ከመሬት ሲነሳ አንገቱን ይሰጣል፣ ከትንቅንቅ ሲላቀቅ እጁን አውርዶ አገጩ ላይ ቡጢ ይቀበላል። ብዙ ጂሞች ሰኞ ቦክስ፣ ማክሰኞ ጁጂትሱ፣ ረቡዕ ትግል እያሉ ከፋፍለው ያስተምሩና መጋጠሚያውን ተማሪው ራሱ እንዲያገኘው ይተዉታል። ይህ መመሪያ መሠረቱን ካስያዘ በኋላ ረዘም ብሎ የሚቆየው እዚያ መጋጠሚያ ላይ ነው።

ምንም ዓይነት የፍልሚያ ስፖርት ሠርቶ የማያውቅ ጤነኛ አዋቂ በሳምንት ከ4 እስከ 5 ቀን የፍልሚያ ቴክኒክ ቢሠራ ለመጀመሪያው የአማተር ፍልሚያ ከ12 እስከ 24 ወር ይፈልጋል። በልጅነቱ በትግል ወይም በቦክስ የተወዳደረ ያሳጥረዋል። ዕድሜ ብዙዎች እንደሚፈሩት በር አይዘጋም፤ ካሜሩናዊው ፍራንሲስ ንጋኑ የመጀመሪያ የኤምኤምኤ ፍልሚያውን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያደርግ 27 ዓመቱ ነበር፤ በ2021 የታላቁ የኤምኤምኤ ውድድር አዘጋጅ ድርጅት፣ የዩኤፍሲ፣ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። እርግጥ ነው የእሱ ዓይነት ጉልበት ለሁሉም አይሰጥም።

መጀመሪያ ሕጉን ይወቁ

ስልጠናው የሚቀዳው ከሕጉ ነው። በፕሮፌሽናል ደረጃ አንድ ዙር 5 ደቂቃ፣ እረፍቱ 1 ደቂቃ ነው፤ ተራው ፍልሚያ 3 ዙር፣ ለሻምፒዮንነት ቀበቶ የሚደረገው 5 ዙር ይሄዳል። ጓንቱ ጣት የማይሸፍን ሆኖ 4 ኦውንስ፣ ማለትም 113 ግራም ገደማ ይመዝናል። በዓለም አቀፉ የአማተር ፌዴሬሽን በኢማፍ ሕግ ግን ፍልሚያው 3 ዙር ሆኖ እያንዳንዱ 3 ደቂቃ ነው። የቅልጥም መከላከያ ይደረጋል፤ በክርን መምታት፣ በጉልበት ጭንቅላት መምታትና ተረከዝ ይዞ መጠምዘዝ ክልክል ነው። እርስዎ የሚወዳደሩበት ቦታ የአማተር ሕግ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል አዘጋጁን በጽሑፍ ይጠይቁት። 9 ደቂቃ ለሚፋለም ሰው የ25 ደቂቃ ዝግጅት ትርፉ ድካም ነው።

ዳኞች ለዙሩ አሸናፊ 10፣ ለተሸናፊው 9 ወይም ከዚያ በታች ይሰጣሉ። ቀድመው የሚመለከቱት ማን ይበልጥ ጎዳ፣ ማን ፍልሚያውን ከሰዓቱ በፊት ወደ ማብቃት ተጠጋ የሚለውን ነው። ወደፊት መግፋትና መሃሉን መቆጣጠር የሚታዩት በዚያ እኩል ሲሆኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ተጋጣሚን ጥሎ ላዩ ላይ ተኝቶ መቆየት ዙር ያስገኛል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው፤ ከስር ያለው በክርንና በቡጢ ቢጎዳዎት ዙሩ የእሱ ነው።

ዓይን ውስጥ ጣት መክተት፣ ብልት መምታት፣ ማጅራትን መምታት፣ በጭንቅላት መግጨት፣ የመፋለሚያውን ቦታ የሚከበውን አጥር መያዝ፣ ጣት ነጥሎ መጠምዘዝ፣ መሬት ላይ ያለን ሰው ጭንቅላት በእግር ወይም በጉልበት መምታት ጥፋት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2024 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ "መሬት ላይ ነው" የሚባለው ከእጅና ከእግር ጫማ ሌላ የአካሉ ክፍል ወለል የነካ ሰው ነው፤ አንድ እጅ ወለል ላይ ማሳረፍ ከጉልበት ምት አያድንም ማለት ነው። ሁሉም ፈቃድ ሰጪ አካላት ማሻሻያውን እኩል ስላልተቀበሉት ከፍልሚያው በፊት በሚደረገው የሕግ ገለጻ ላይ ይህችን ነጥብ ለይተው ይጠይቁ።

ሐኪም፣ ጂምና ዕቃ

ከመመዝገብዎ በፊት የልብ፣ የደም ግፊትና የዓይን ምርመራ ያድርጉ። ቀደም ሲል ራስዎን የሳቱበት የጭንቅላት ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ ወይም የሬቲና ችግር ካለብዎ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይጀምሩ። ለውድድር የኤችአይቪ፣ የሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ምርመራ በብዙ ቦታ ግዴታ ነው።

ጂም ሲመርጡ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። የግድግዳው ዋንጫ ብዙ አይነግርዎትም። አዲስ የመጣው ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) ይገባል? ከሆነ ይውጡ። ነባሮቹ ከደካማ ጋር ሲሠሩ ኃይላቸውን ይቀንሳሉ? ተማሪ እጁን መታ አድርጎ ሲሸነፍ ያዡ በቅጽበት ይለቃል? ምንጣፉ በየቀኑ በፀረ ተዋሲያን ይጸዳል? አጥር ወይም በስፖንጅ የተሸፈነ ግድግዳ አለ? ቡጢ፣ ትግልና የመሬት ሥራ በአንድ ላይ የሚሠራበት ክፍለ ጊዜ በሳምንት ቢያንስ 2 ጊዜ አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ትግልና ጁጂትሱ አሰልጣኙ ጠንካራ፣ የቡጢው መካከለኛ የሆነ ጂም ከተገላቢጦሹ ይሻላል፤ ቡጢ ሌላ ቦታም ይገኛል፣ የሚጥል ጓደኛ ግን እንደልብ አይገኝም።

ከዕቃ መጀመሪያ የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

- ለስፓሪንግ 16 ኦውንስ የቦክስ ጓንት፤ ለቅልቅል ሥራ 7 ኦውንስ የኤምኤምኤ ጓንት። የ4 ኦውንሱ የፍልሚያ ጓንት አሁን አይገዛም፤ ጓደኛ መጉጃ ብቻ ይሆናል።
- 4.5 ሜትር የእጅ መጠቅለያ፣ 2 ጥንድ።
- የጥርስ መከላከያ። በሙቅ ውሃ ለስልሶ የሚነከሰው ለጅምር ይበቃል፤ ለውድድር የጥርስ ሐኪም በልክ ቢሠራው ትንፋሽ አያፍንም።
- የብልት መከላከያ፣ የቅልጥም መከላከያ፣ ኪስና ዚፕ የሌለው ቁምጣ፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ ቲሸርት።

መጠቅለያው በእጅ አንጓ 3 ጊዜ ይዞርና በጣቶች መካከል አልፎ የጣት አንጓዎቹ ላይ 3 ጊዜ ይደረባል። ልኩ የሚታወቀው ቡጢ ሲጨብጡ ጠበቅ፣ ሲከፍቱ ላላ ሲል ነው። ጣት ከደነዘዘ ወይም ቀለሙን ከለወጠ ፈትተው እንደገና ይጀምሩ።

የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት

*አቋም።* እግሮች ከትከሻ ስፋት ትንሽ ሰፋ ይላሉ፤ የኋላው ተረከዝ ከወለል ብቅ ይላል፤ ጉልበቶች ይታጠፋሉ፤ ክብደት ለሁለቱም እግር እኩል ይከፈላል። እጆች በጉንጭ ትይዩ፣ ክርኖች በጎድን አጠገብ፣ አገጭ ወደ ደረት። የቦክሰኛ አቋም ረጅምና ወደ ጎን የዞረ ስለሆነ የፊት እግሩ ለባት ምትና ለእግር ያዥ ይጋለጣል። የሙዋይ ታይ (የታይላንድ ቦክስ) አቋም ደግሞ ቀጥ ስለሚል ዳሌው ከፍ ብሎ ሁለቱንም እግር ለመያዝ ይመቻል። የኤምኤምኤው በመካከላቸው ነው፤ ዳሌ ዝቅ ይላል፣ የፊት እጅ ትንሽ ወደፊት ይወጣል፣ ምክንያቱም የሚመጣውን ትከሻ ቀድሞ ማቆም ያለበት እሱ ነው።

*ቡጢ።* ለመጀመሪያው ወር ጃብ (የፊት እጅ ቀጥተኛ ቡጢ) እና ክሮስ (የኋላ እጅ ቀጥተኛ ቡጢ) ብቻ። ሲሰነዘር ትከሻ ወጥቶ አገጭን ይሸፍናል፤ እጅ በሄደበት መንገድ ይመለሳል። ዋናው ስህተት ሲመለስ ወደ ደረት መውረዱ ነው። ፓንቺንግ ባግ መልሶ ስለማይመታ ይህን ስህተት አያርምም፤ እንዲያውም ያስለምዳል። መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ ቡጢ በኋላ በአውራ ጣት ጉንጭን መንካትና ፓድ (የቡጢ መቀበያ ትራስ) ያዡ እጅ ሲወርድ ጉንጭዎን ቀለል አድርጎ እንዲነካ ማድረግ ነው። ሁክ (ከጎን የሚዞር ቡጢ) እና አፐርካት (ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ቡጢ) በ2ኛው ወር ይጨመራሉ።

*እርግጫ።* የሚመታው በቅልጥም እንጂ በእግር ጫማ ላይኛው ክፍል አይደለም፤ እዚያ ያሉት አጥንቶች ቀጫጭን ናቸው። የቆመው እግር ተረከዝ ወደ ተጋጣሚ እስኪዞር መሽከርከር አለበት፣ ካልዞረ ግፊቱን የሚሸከመው የራስዎ ጉልበት ነው። ቡጢ ሳይቀድም ብቻውን የሚሰነዘር ዝቅተኛ እርግጫ ይነበባል፤ ተጋጣሚ ጉልበቱን አንስቶ በቅልጥሙ ጠንካራ ጫፍ ይቀበለዋል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 የዩኤፍሲ ተፋላሚው አንደርሰን ሲልቫ ተጋጣሚውን ክሪስ ዋይድማንን ሲመታ እግሩ የተሰበረው እንዲህ ባለ መከላከል ነው። ስለዚህ ከጃብና ክሮስ በኋላ፣ ተጋጣሚ ክብደቱን የፊት እግሩ ላይ ሲጥል ይምቱ።

*መውደቅ።* ሲወድቁ እጅን ዘርግቶ ወለል መደገፍ ክርንና አንጓ ያስወልቃል። አገጭን ወደ ደረት አስጠግተው፣ ጀርባን አጉብጠው፣ ክንድን በ45 ዲግሪ ወለሉ ላይ እየመቱ ይውደቁ። በየቀኑ 20 ጊዜ፣ መጀመሪያ ከቁጢጥታ፣ ቆይቶ ከቁመት።

*መነሳት።* ከዚህ ስፖርት አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ተማሩ ብንባል ይህን እንመርጥ ነበር።

1. ተቀምጠው የግራ እግርዎን ጫማ ወለሉ ላይ ያሳርፉ፣ ጉልበቱ ወደ ላይ ይሁን።
2. ቀኝ እጅዎን ከኋላዎ ወለሉ ላይ ይትከሉ፤ የግራ ክንድዎ ፊትዎን ይከልል።
3. በቀኝ እጅና በግራ እግር ዳሌዎን ከወለል ያንሱ።
4. ቀኝ እግርዎን ከስርዎ አሳልፈው ከተከሉት እጅ ኋላ ያድርሱት።
5. እጅዎን ነቅለው በአቋምዎ ይቁሙ። ዓይንዎ ከተጋጣሚ አይነሳም።

ሰዎች የሚሳሳቱት 4ኛው ላይ ነው፤ እግሩን ሩቅ ሳያደርሱ ለመቆም ሲሞክሩ ወደፊት ይደፋሉ፣ አንገታቸውም በተጋጣሚ ክንድ ስር ይገባል።

*መጣልና አለመውደቅ።* ለመጀመሪያ አንድ መጣያ ይበቃል፤ ሁለቱንም እግር መያዝ፣ ደብል ሌግ የሚሉት። ዝቅ የሚባለው በጉልበት ነው፤ በወገብ የታጠፈ ሰው ዓይኑ ወለል ስለሚያይ አንገቱን ለጊሎቲን፣ ከፊት በክንድ ለሚደረገው ማነቂያ፣ ያቀርባል። የፊት እግር በተጋጣሚ ሁለት እግሮች መካከል በጥልቀት ይገባል፣ ጆሮ ጎድኑ ላይ ይለጠፋል፣ እጆች ከጉልበቱ ኋላ ይዘጋሉ፣ ከዚያ እግር ሳይቆም ወደ ጎን እየዞሩ መግፋት ነው። በጉልበቱ ተንበርክኮ የቆመ ሰው መጣያው ከሽፎበታል። መከላከያው ስፕሮል ነው፦ ሁለቱን እግሮች ወደ ኋላ ወርውሮ ዳሌን በተጋጣሚ ትከሻ ላይ መጫን። ጀማሪ ደረቱን ብቻ ይጭናል፣ ዳሌው አየር ላይ ይቀራል፤ ክብደት ያለው ዳሌ ላይ ነው። ጥልፊያና ነጠላ እግር መያዝ ከ4ኛው ወር በኋላ ይመጣሉ። በነገራችን ላይ፣ ትግል በልጅነት ካልተጀመረ አይሆንም ለሚሉ መልስ የሚሆነው የቀድሞው የዩኤፍሲ ሻምፒዮን ጆርዥ ሴንት ፒየር ነው፤ ከካራቴ መጥቶ በዘመኑ ከነበሩት ምርጥ ጣዮች አንዱ ሆነ።

*መሬት ላይ።* ከማነቅ በፊት ማምለጥ። ከማውንት (ተጋጣሚ ሆድዎ ላይ ሲቀመጥ)፣ ከሳይድ ኮንትሮል (ከጎን ደረትዎ ላይ ሲጫን) እና ጀርባ ሲያዝ መውጫውን በየቀኑ ይሥሩ፤ የሁሉም መሠረት በዳሌ ድልድይ መሥራትና በጎን ወደ ኋላ መሳብ ነው። ከዚያ ማብቂያዎቹ፦ የኋላ ማነቂያ፣ ጊሎቲን፣ አርምባር (ክርንን ያለ ልክ መዘርጋት)፣ ኪሙራ (ትከሻን መጠምዘዝ) እና ትራያንግል (በእግሮች ማነቅ)። በትክክል የገባ ማነቂያ የአንገትን ደም ሥሮች ስለሚዘጋ በ10 ሰከንድ አካባቢ ራስን ያስታል፤ መገጣጠሚያ ግን ከመጎዳቱ በፊት ሁልጊዜ አያስጠነቅቅም። በተለይ ተረከዝ ሲጠመዘዝ ሕመሙ ከመሰማቱ በፊት የጉልበት ጅማት ሊበጠስ ይችላል፤ ለጀማሪ አይፈቀድ። መታ ማድረግን አያዘግዩ። ጂም ውስጥ መታ ያለ ሰው ነገ ይሠለጥናል፣ ያላለ 3 ወር ይቀመጣል።

መጋጠሚያዎቹ (ከ4ኛው እስከ 12ኛው ወር)

*ከቡጢ ወደ መጣያ።* ጃብ፣ ክሮስ፣ ከዚያ መግቢያ። ምስጢሩ ጊዜው ላይ ነው፦ ክሮሱ እየተመለሰ ሳለ ጉልበት መታጠፍ አለበት። እጁ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ፣ ትንፋሽ ተወስዶ፣ ከዚያ ዝቅ ከተባለ ተጋጣሚ ነቅቷል። እግሩን ማየት የለብዎትም፤ ዓይን ደረቱ ላይ ይሁን። ልምምዱ እንዲህ ነው፦ ጓደኛ ፓድ ይይዛል፣ ሁለት ቡጢ ይቀበላል፣ አንዳንዴ ፓዱን ከፍ አድርጎ እንደመከላከል ሲያነሳ ይግቡ፣ ሳያነሳ ደግሞ በሁክ ይቀጥሉ። 4 ዙር በ3 ደቂቃ፣ በግማሽ ኃይል። ሁልጊዜ ከሁለተኛው ቡጢ በኋላ መግባት በራሱ ምልክት ስለሚሆን ምርጫው ከዓይን መምጣት አለበት።

*ከስፕሮል ወደ ምት።* ጥቃቱን ካቆሙ በኋላ እዚያው ተኝቶ መቆየት ተጋጣሚ እግር ለመያዝ ሁለተኛ ዕድል እንዲያገኝ ያደርገዋል። ጭንቅላቱን በእጅ ወደ ወለል ገፍተው፣ በ45 ዲግሪ ወደ ጎን ረግጠው፣ ሲነሳ በሁክ ይቀበሉት። ጉልበቱ ገና ወለል ላይ ከሆነ ግን ጭንቅላቱን በጉልበት መምታት ጥፋት መሆኑን ልምምድ ላይ ካልለመዱ ፍልሚያ ላይ ይረሱታል።

*አጥር ላይ ቆሞ።* ጀርባዎ አጥር ሲነካ መጀመሪያ እግርዎን ያስፉ። አንድ እጅዎን ከተጋጣሚ ብብት ስር ያስገቡ፣ አንደርሁክ የሚሉት ይህ ነው፤ ሌላው እጅ አንጓውን ይያዝ። ግንባርዎ ከአገጩ ስር ይግባ፤ ጭንቅላቱን ቀና ያደረጉበት ሰው ሙሉ ኃይሉን አይገፋም። ከዚያ አንደርሁክ ባለበት በኩል ይዙሩ። በሁለቱም በኩል ብብትዎ ከተያዘ ከማንኛውም ነገር በፊት አንዱን እጅ መልሰው ያስገቡ።

*አጥር ላይ ወድቆ።* ከታች ሆኖ አጥር ጠላት ይመስላል፤ ለሚያውቀው ግን መነሻ ነው።

1. በዳሌዎ ወደ ኋላ እየተሳቡ ትከሻዎን አጥሩ ላይ ያስደግፉ።
2. የተቆላለፉ እጆቹን ይፈልጉ፤ አንዱን አንጓ በሁለት እጅ ወደ ታች ገፍተው ያላቁ።
3. አንዱን እግር ከስርዎ ሰብስበው ጫማውን ይትከሉ፣ ሌላውን ወደ ጎን ዘርግተው ያርቁ። ሁለቱ ጉልበቶች ከተጠጋጉ በአንድ እቅፍ ይታሰራሉ።
4. አንደርሁክ አስገብተው ጀርባዎ በአጥሩ እየተንሸራተተ ይነሱ። አጥሩን በጣት መያዝ ጥፋት ነው፤ መደገፍ ይፈቀዳል።
5. እንደቆሙ ወዲያው እግር ያስፉ፤ ብዙው ሰው ሁለተኛ ጊዜ የሚወድቀው በዚህች ሰከንድ ነው።

*መሬት ላይ ከቡጢ ጋር።* ጁጂትሱ ብቻ የሠራ ሰው በጋርድ፣ ማለትም ከስር ሆኖ ተጋጣሚውን በእግሮቹ መካከል ይዞ፣ እጁን ወደ እግር፣ ወደ ቁምጣ፣ ወደ ማጥመጃው ይልካል። ቡጢ ሲጨመር እነዚያ እጆች የፊቱ መከላከያ ነበሩ። ከስር ሲሆኑ ምርጫው ሁለት ነው፦ ወይ አንጓና ጭንቅላት ይዞ ማስጠጋት፣ ወይ በእግር ገፍቶ ማራቅና መነሳት። በመካከል ያለው ርቀት ቡጢ የሚበላበት ነው። ከላይ ሲሆኑ ደግሞ አንድ እጅ አንጓውን ይጫን፣ ሌላው ይምታ፤ ሁለቱንም እጅ በአንዴ ማንሳት ለመገልበጥ መጋበዝ ነው። ልምምዱ በ7 ኦውንስ ጓንት፣ ሆድ ላይ ቀለል ያለ፣ ፊት ላይ ንክኪ ብቻ።

*ከትንቅንቅ መውጣት።* እጅ ወርዶ በቀጥታ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ይመታል። ክንድዎን አንገቱ ላይ አግድመው እየገፉ፣ ሌላው እጅ ጉንጭ ላይ ሆኖ፣ ወደ ጎን ይውጡ።

እነዚህን ሁሉ ለማስረጽ ከሙሉ ስፓሪንግ ይልቅ ከመጥፎ ቦታ የሚጀምር አጭር ዙር ይበልጣል። ለምሳሌ 6 ዙር በ2 ደቂቃ፦ ሁለቱ አጥር ላይ ተደግፎ፣ ሁለቱ በሳይድ ኮንትሮል ከስር፣ ሁለቱ ጀርባ ተይዞ። ያመለጠ ወይም የተሸነፈ ወደዚያው ቦታ ተመልሶ ይጀምራል። በ12 ደቂቃ ውስጥ በአንድ ወር ስፓሪንግ ከሚያጋጥመው በላይ መጥፎ ቦታ ላይ ይሆናል።

ሳምንቱ

ሰኞ ቡጢና እርግጫ፤ ማክሰኞ ትግልና አጥር፤ ረቡዕ ክብደት ማንሳትና ቀላል ሩጫ፤ ሐሙስ የመሬት ሥራ ከቡጢ ጋር፤ ዓርብ ክብደትና ቀላል የቴክኒክ ሥራ፤ ቅዳሜ ቅልቅል ዙሮች። እሑድ ሙሉ እረፍት። እንቅልፍ ከ8 ሰዓት ካነሰ በመጀመሪያ የሚቀነሰው ክብደቱ እንጂ ቴክኒኩ አይሁን።

ክብደት በሳምንት 2 ጊዜ፣ ለ45 ደቂቃ፦ ስኳት፣ ዴድሊፍት፣ ፑልአፕና ከትከሻ በላይ መግፋት፣ እያንዳንዱ 3 ወይም 4 ዙር ከ4 እስከ 6 ድግግሞሽ፣ 2 ድግግሞሽ የሚያስቀር ጉልበት ይዞ መቆም። አንገትን በ4 አቅጣጫ በእጅ እየተቃወሙ 2 ዙር በ15 ይጨምሩ። ለትንፋሽ በሳምንት 2 ጊዜ 40 ደቂቃ፣ እያወሩ መሮጥ በሚቻልበት ፍጥነት። እስከ ማስታወክ የሚያደርሱ የቡድን ሥራዎች በቪዲዮ ያምራሉ፤ ሰልጣኙ ግን በማግስቱ ደክሞ ስለሚመጣ የሚለማመደው የተበላሸ ቴክኒክ ይሆናል።

ስፓሪንግና ጭንቅላት

ለመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 6 ወራት ጠንካራ ስፓሪንግ የለም። ከዚያም አብዛኛው በ30 ወይም 40 በመቶ ኃይል፣ ቡጢው ሲደርስ እየቆመ ይሠራል። ጠንካራው በውድድር ዝግጅት ወቅት ቢበዛ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሁን። የጭንቅላት መሸፈኛ መቆረጥንና እብጠትን ይቀንሳል፤ አንጎል ራስ ቅል ውስጥ መናወጡን ግን አያቆምም። ስለዚህ መሸፈኛ አድርገናል ብሎ ኃይል መጨመር ስህተት ነው።

ከምት በኋላ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ብርሃን መጥላት፣ የዙሩን ክፍል አለማስታወስ ከታየ የዚያ ቀን ሥራ አብቅቷል። የመጀመሪያው 24 እስከ 48 ሰዓት እረፍት ነው፤ ከዚያ በእግር ጉዞ፣ በቀላል ሩጫ፣ ንክኪ በሌለው ቴክኒክ ደረጃ በደረጃ፣ ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ወደ ንክኪ የሚያስመልሰው ሐኪም ነው። ደጋግሞ ማስታወክ፣ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብሌኖች መጠን መለያየት ወይም ከባድ ድብታ ካለ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል። አንጎል ሳያገግም የሚመጣ ሁለተኛ ምት ለሞት ሊያበቃ ይችላል።

ቆዳና ጆሮ

ከስልጠና እንደጨረሱ ገላ በሳሙና ይታጠቡ፤ ጥፍር ይቆረጥ፤ በባዶ እግር መጸዳጃ ቤት ገብቶ ወደ ምንጣፍ መመለስ አይቻልም። ክብ ሆኖ የሚያሳክክ ጭርት፣ ቀልቶ የሚሞቅ እባጭ ወይም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ ያለበት ሰው ታክሞ እስኪድን ምንጣፍ ላይ አይወጣም። ጆሮ ደም ከቋጠረ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሐኪም ካልቀዳው ይጠነክርና እንደዚያው ይቀራል። በራስ መርፌ መብሳት ደግሞ ኢንፌክሽን ያመጣል።

ክብደት

ከሚዛኖቹ መካከል የባንተም 61.2፣ የላባ 65.8፣ የቀላል 70.3፣ የዌልተር 77.1፣ የመካከለኛ 83.9 ኪሎ ግራም ናቸው። ለመጀመሪያው ፍልሚያ በአዘቦት ከሚመዝኑት ከ3 ኪሎ በላይ የማይርቅ ሚዛን ይምረጡ፤ ውሃ እያደረቁ መቀነስን ጭራሽ ይተዉት። የሰውነት ክብደትን በሳምንት ከ0.5 እስከ 1 በመቶ በምግብ መቀነስ ይበቃል። ፕሮቲን በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ1.6 እስከ 2.2 ግራም።

ላብ በማውጣት የሚቀነስ ክብደት ደምን ያወፍራል፣ ልብንና ኩላሊትን ያስጨንቃል፣ በማግስቱም እግር ይከዳል። ቻይናዊው ያንግ ጂያን ቢንግ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2015 ማኒላ ውስጥ ለፍልሚያ ክብደት ሲቀንስ ሞቷል፤ ዕድሜው 21 ነበር። ከዚያ በኋላ የፍልሚያው አዘጋጅ ድርጅት ዋን ቻምፒየንሺፕ ተፋላሚዎች የሰውነታቸው የውሃ መጠን በሽንት ምርመራ እንዲረጋገጥ ማድረግ ጀመረ። ከሚዛን በኋላ ጥቂት ክብደት የሚመልስ ሰው ለጎደለው አንድ ኪሎ 1.5 ሊትር ያህል ጨው ያለበት ፈሳሽ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል፤ በአንድ ጊዜ መጋት ሆድ ይነፋል።

የመጨረሻዎቹ 8 ሳምንታት

ከዚህ በፊት 2 ወይም 3 የጁጂትሱና የኪክቦክሲንግ ውድድር ቢያልፉ ጥሩ ነው፤ ፍርሃትን በከፊል እዚያ ይጥሉታል። ከ8ኛው እስከ 5ኛው ሳምንት ድረስ ክብደት ማንሳቱና ረጅሙ ሩጫ ይቀጥላሉ። ከ4ኛው እስከ 2ኛው ሳምንት ሩጫው ይቀንስና በፍልሚያው ርዝመት ልክ የሆኑ ዙሮች ይገባሉ፤ በየዙሩ የሚገባው ጓደኛ አዲስና ያልደከመ ይሁን። በዚህ ጊዜ አዲስ ቴክኒክ አይማሩም። የመጨረሻው ጠንካራ ስፓሪንግ ፍልሚያው ሊደርስ 10 ቀን ሲቀረው ያበቃል፤ የመጨረሻው ሳምንት ሥራ በግማሽ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ሳምንት ስለሚሰጋና "አንድ ጊዜ ብቻ" እያለ ስለሚጨምር ነው።

በዕለቱ ፍልሚያው 3 ወይም 4 ሰዓት ሲቀረው የለመዱትን ምግብ ይብሉ። ሁለት የጥርስ መከላከያ ይያዙ። እጅ ሲጠቀለል ተቆጣጣሪ አይቶ ይፈርምበታል፤ ስለዚህ ቀድሞ ይጠናቀቅ። ሰውነት ማሟሟቅ 20 ደቂቃ ያህል ሆኖ ላብ ሲወጣ ይቆማል፤ ጊዜው ከተራዘመ ሹራብ ለብሰው በየ5 ደቂቃው ጥቂት ይንቀሳቀሱ።

በመጀመሪያው ደቂቃ እጅ ይከብዳል፣ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ አድሬናሊን ነው። በ70 በመቶ ፍጥነት በጃብና በእግር ሥራ ይጀምሩ። በዙሮች መካከል የመጀመሪያው 20 ሰከንድ ለትንፋሽ ብቻ ነው፤ ከዚያ አንድ ሰው ብቻ ይናገራል፣ አንድ ወይም ሁለት መመሪያ። ሦስት ሰው በአንድ ላይ የሚጮህበት የአሰልጣኞች ማዕዘን ተፋላሚውን ምንም አያሰማውም፣ ስለዚህ ማን እንደሚናገር ከቤት ተስማምተው ይምጡ።

ከፍልሚያው በኋላ ደህና ነኝ ቢሉም ሐኪም ይያችሁ፤ ያን ሌሊት ብቻዎን አይደሩ፣ መኪና አይንዱ። በጭንቅላት ምት የተሸነፈ ሰው የሚጣልበት የሕክምና እገዳ እንደ ቦታው ቢለያይም ወር ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ስፓሪንግም በእገዳው ውስጥ ይካተታል። ቪዲዮውን ከ3 ቀን በኋላ ከአሰልጣኙ ጋር ተቀምጠው ይዩት፤ ቦታ የጠፋባቸውን ቅጽበቶች ከነደቂቃቸው ይጻፉ፣ አብዛኞቹ መጋጠሚያ ላይ ሆነው ያገኟቸዋል። ወደ ፕሮፌሽናል ለማለፍ ከ5 እስከ 10 የአማተር ፍልሚያ ይደረጉ፤ ውል ሲመጣ ደግሞ ከክፍያው በፊት ሁለት ነገር ይጠየቃል፦ የሕክምና ኢንሹራንሱ ምን ምን እንደሚሸፍንና ተጋጣሚ ከቀረ ገንዘቡ ይከፈል እንደሆነ።